የድረ ገጽ ማበልጸጊያ ማዕቀፍ ለንግድ ሥራ ብቁ መሆኑን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ለንግድ ድርጅት ባለቤቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እና ድረ ገጽ ለሚያሠሩ ተቋማት የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ድረ ገጽ ማሠራት የታላላቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የቤት ዕቃ አምራቹ ትዕዛዝ የሚቀበልበትን፣ ክሊኒኩ ለታካሚዎች ቀጠሮ የሚሰጥበትን፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለአባላቱ ሒሳባቸውን የሚያሳይበትን ሥርዓት በኢንተርኔት ላይ ማቋቋም የዕለት ተዕለት ሥራ አካል እየሆነ መጥቷል። ይሁን እንጂ አሠሪው አካል ብዙውን ጊዜ ውሳኔ የሚሰጠው ሁለት ነገሮችን ብቻ ተመልክቶ ነው፤ እነርሱም ዋጋው እና የገጹ መልክ ናቸው። ድረ ገጹ የሚቆምበት መሠረት፣ ማለትም የማበልጸጊያ ማዕቀፉ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይመረጣል። ምርጫው ያስከተለው ችግር የሚታወቀው ደግሞ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሥራው በሥርዓቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ጥገኛ ከሆነ በኋላ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ድረ ገጽ ለሚያሠሩ ወገኖች ነው፤ ኮድ የመጻፍ ዕውቀትን አይጠይቅም። ዓላማው ውል ከመፈረሙ በፊት ባለቤቱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን፣ የሚያገኛቸውን መልሶች የሚመዝንበትን መንገድ እና በውሉ ሊያካትታቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማሳወቅ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ የትኛውንም ማዕቀፍ ለይቶ የማይመክር መሆኑን እየገለጸ፣ በጽሑፉ ውስጥ ስማቸው የተጠቀሱ ማዕቀፎች ለማስረጃና ለምሳሌነት ብቻ የቀረቡ መሆናቸውን ያስገነዝባል።

1. ማዕቀፍ ምንድን ነው?

በተለምዶ ፍሬምወርክ እየተባለ የሚጠራው የማበልጸጊያ ማዕቀፍ በቅድሚያ ተጽፎ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ማንኛውም ድረ ገጽ የሚያስፈልጉትን የጋራ ሥራዎች፣ ለምሳሌ ተጠቃሚን በይለፍ ቃል ማስገባት፣ ከመረጃ ቋት ጋር መገናኘት፣ ቅጽ መቀበል እና ገጽ ማሳየት የመሳሰሉትን አዘጋጅቶ ያቀርባል። ባለሙያው በዚህ ላይ የድርጅቱን የተለየ ሥራ ብቻ ይጨምራል።

ነገሩን በጋራ መኖሪያ ቤት መመሰል ይቻላል። ቤቱ ለባለ ዕድለኛው ሲተላለፍ መሠረቱ፣ ምሰሶው እና ጣሪያው ተሠርቶ ነው፤ ባለቤቱ የሚጨምረው ቀለሙን፣ ወለሉን እና የውስጥ ሥራውን ነው። ቀለም በማንኛውም ጊዜ ይለወጣል። ምሰሶው ጥራት የጎደለው ሆኖ ከተገኘ ግን ባለቤቱ በቀለም ሊያስተካክለው አይችልም። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ መልኩን መለወጥ ቀላል ሲሆን ማዕቀፉን መለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ከመጻፍ አይተናነስም።

በአሁኑ ጊዜ በስፋት ከሚሠራባቸው ማዕቀፎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ይፋ የሆነው ጃንጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ላራቬል፣ እንዲሁም የገጽን መልክ ለመሥራት የሚያገለግለውና ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ሪአክት ይገኙበታል። አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በመሆኑም ባለቤቱ የሚከፍለው ለማዕቀፉ ሳይሆን በማዕቀፉ ላይ ለሚሠራው ሥራና ለቀጣይ እንክብካቤው ነው።

2. የማዕቀፍ ምርጫ ለምን ባለቤቱን ይመለከታል?

“ይህ የባለሙያው ጉዳይ ነው” የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። ሆኖም ችግር ሲፈጠር ገቢው የሚቋረጠውም ሆነ በደንበኞቹ ዘንድ እምነት የሚያጣው ባለቤቱ ነው። የሚከተሉት ሁለት የታወቁ ክስተቶች ይህንኑ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ የሚገኘው ኢኩፋክስ የተባለ የብድር መረጃ ኩባንያ የደረሰበት ነው። ኩባንያው ከሚጠቀምባቸው ማዕቀፎች አንዱ በሆነው አፓቼ ስትራትስ ላይ አደገኛ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ ማስተካከያው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ይፋ ሆነ። ኩባንያው ግን ማስተካከያውን በአንዱ ሥርዓቱ ላይ ሳይጭን ቀረ። በዚሁ ዓመት ወንጀለኞች በክፍተቱ ገብተው 147 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችን የግል መረጃ ወሰዱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ክፍያ ለመፈጸም ተስማምቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ማዕቀፉ ማስተካከያ ያልተዘጋጀለት አለመሆኑ ነው፤ ማስተካከያው በጊዜው ቀርቦ ነበር። የጎደለው ማስተካከያውን ተከታትሎ የመጫን ኃላፊነት በአግባቡ አለመፈጸሙ ነው።

ሁለተኛው አንጉላር ጄኤስ የተባለውን ማዕቀፍ ይመለከታል። ይህ ማዕቀፍ በጉግል የሚደገፍና በዓለም ዙሪያ በስፋት የተሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንጉላር በሚል ስም የወጣው ተተኪው ግን እንደ አዲስ የተጻፈ በመሆኑ፣ በቀድሞው የተሠሩ ድረ ገጾችን በቀላሉ ወደ አዲሱ ማሻገር አልተቻለም። ለቀድሞው ማዕቀፍ ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ አበቃ። በጊዜው ያልተዘጋጁ ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን በአዲስ ወጪ ማሠራት ወይም የደኅንነት ማስተካከያ በማይወጣለት ሥርዓት መቀጠል ከሚሉት አንዱን ለመምረጥ ተገደዋል። ከዚህ የምንረዳው የታላቅ ኩባንያ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ነው።

3. ስምንቱ መመዘኛዎች

3.1 የሥሪት ቁጥር እና ዕድሜ

እያንዳንዱ ማዕቀፍ በተለምዶ ቨርዥን የሚባል የሥሪት ቁጥር አለው። ቁጥሩ በአብዛኛው በነጥብ የተለዩ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያው ክፍል መሠረታዊ ለውጥን፣ ሁለተኛው ተጨማሪ አገልግሎትን፣ ሦስተኛው የስሕተት እርማትን ያመለክታል። በዚህ አሠራር መሠረት የመጀመሪያው ቁጥር 0 ከሆነ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው “ሥራው ገና አልጸናም፤ በማንኛውም ጊዜ ልንለውጠው እንችላለን” እያሉ ነው። “አልፋ” ወይም “ቤታ” የሚል ምልክትም ተመሳሳይ ትርጉም አለው። እንዲህ ያለው ማዕቀፍ ለጥናትና ለሙከራ ሊያገለግል ቢችልም፣ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ እንዲመሠረትበት አይመከርም።

3.2 የድጋፍ ዘመን

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ጥያቄ “ይህ ሥሪት የደኅንነት ማስተካከያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው?” የሚለው ነው። ለንግድ ሥራ ብቁ የሆነ ማዕቀፍ ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ሊኖረው ይገባል። ለአብነት ያህል፣ ጃንጎ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ብሎ ለሚሰይማቸው ሥሪቶች ለሦስት ዓመት የደኅንነት ማስተካከያ ያቀርባል። ላራቬል ለእያንዳንዱ ዐቢይ ሥሪት ለ18 ወራት የስሕተት እርማት፣ ለሁለት ዓመት ደግሞ የደኅንነት ማስተካከያ ይሰጣል።

ይህ ለባለቤቱ ቀጥተኛ የበጀት ትርጉም አለው። ድረ ገጹ ለአምስት ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ ከሆነና የማዕቀፉ ሥሪት የሁለት ዓመት ድጋፍ ብቻ ያለው ከሆነ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ ሥሪት ማሸጋገር ያስፈልጋል። የሽግግሩ ወጪ ከመጀመሪያው ካልታሰበ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል፤ ሥርዓቱም ቀስ በቀስ ለጥቃት ይጋለጣል።

3.3 የሚንከባከበው አካል

ማዕቀፉን የሚመራው አንድ ግለሰብ ነው? ኩባንያ ነው? ወይስ ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመ ድርጅት? እያንዳንዱ የራሱ ስጋት አለው። ግለሰቡ ሊደክም ወይም ሥራ ሊቀይር ይችላል። ኩባንያው የንግድ አቅጣጫውን ሊለውጥ ይችላል። ከሁሉም የተሻለው ምልክት ሥራው በብዙ እጆች ላይ የተከፋፈለ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ባለሙያውን “ባለፉት ስድስት ወራት በማዕቀፉ ላይ ስንት ሰዎች ሠርተዋል? የመጨረሻው ሥሪት የወጣው መቼ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ባለሙያው የማዕቀፉን የኮድ ማከማቻ ከፍቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያሳየው ይችላል።

3.4 የደኅንነት አያያዝ

አንዳንዶች “በዚህ ማዕቀፍ ላይ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ አያውቅም” የሚለውን አባባል እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጥሩታል። ሆኖም በስፋት የሚሠራበት ማዕቀፍ ሁሉ ክፍተት ይገኝበታል፤ ክፍተቶቹም ሲ ቪ ኢ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ በቁጥር ተለይተው ይመዘገባሉ። ምንም ያልተመዘገበበት ማዕቀፍ ክፍተት የሌለበት ከመሆን ይልቅ ማንም ያልመረመረው ሊሆን ይችላል። መመዘን ያለበት ክፍተት ሲገኝ ማስተካከያው በምን ያህል ጊዜ እንደወጣ፣ ማስጠንቀቂያ የሚታተምበት የታወቀ ቦታ መኖሩ እና ችግር ያገኘ ሰው በምስጢር የሚያሳውቅበት አድራሻ መኖሩ ነው።

3.5 የአጠቃቀም ፈቃድ

ማዕቀፉ ያለ ክፍያ መገኘቱ ያለ ግዴታ ተገኘ ማለት አይደለም። ክፍት ምንጭ የሆኑ ሶፍትዌሮች ሁሉ የአጠቃቀም ፈቃድ አላቸው። ኤም አይ ቲ እና አፓቼ 2.0 የተባሉት ፈቃዶች ለንግድ ሥራ ሰፊ ነጻነት ይሰጣሉ። ጂ ፒ ኤል የተባለው ፈቃድ በሶፍትዌሩ ላይ ተመሥርቶ የተሠራውን ሥራ ለሌላ ወገን የሚያሰራጭ ሰው ኮዱንም በተመሳሳይ ፈቃድ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጥላል። ኤ ጂ ፒ ኤል የተባለው ደግሞ ሶፍትዌሩን አሻሽሎ በኢንተርኔት አገልግሎት ለሚሰጥ ሰውም ይህንኑ ግዴታ ያሰፋል። ስለሆነም ሥርዓቱን ነገ ለሌሎች ድርጅቶች ለመሸጥ የሚያስብ ባለቤት ፈቃዱን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሪአክት ቀደም ሲል ከፓተንት ጋር የተያያዘ አከራካሪ ተጨማሪ ድንጋጌ በፈቃዱ ውስጥ ነበረበት። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ማዕቀፉን ለመተው ከወሰኑ በኋላ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ፈቃዱን ወደ ኤም አይ ቲ ለውጦታል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የፈቃድ ጉዳይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ሳይሆን የንግድ ውሳኔን የሚወስን ነጥብ መሆኑን ነው።

3.6 በሌሎች ላይ ያለው ጥገኝነት

ማዕቀፍ ብቻውን አይቆምም፤ በሌሎች ሰዎች የተጻፉ በርካታ ትናንሽ የኮድ ጥቅሎችን ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ጥቅል ባለቤቱ ከሕዝባዊ ማከማቻው ባነሣው ጊዜ፣ በእርሱ ላይ የተደገፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ለጥቂት ሰዓታት መገንባት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ድረ ገጹ የሚጠቀምባቸውን ጥቅሎች ሁሉ ከነሥሪት ቁጥራቸው ዘርዝሮ እንዲያስረክብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዝርዝሩ ባይኖር ነገ ክፍተት ሲታወጅ “እኛን ይመለከተን ይሆን?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

3.7 በገበያ ላይ ያለ የባለሙያ ብዛት

እጅግ የተራቀቀ ማዕቀፍ ቢሆንም በከተማው ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቱ በዚያ ሰው እጅ ወደቀ ማለት ነው። ሰውዬው ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወር ወይም ከሀገር ቢወጣ ሥራው ይቆማል። ቀላሉ መፈተኛ ውል ከመፈረሙ በፊት ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎችን “በዚህ ማዕቀፍ የተሠራ ድረ ገጽ ተረክባችሁ ልትንከባከቡ ትችላላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ “አንችልም” ከሆነ፣ የቀረበው ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ ኋላ ላይ ውድ ይሆናል።

3.8 ለሀገራችን ሁኔታ ያለው ተስማሚነት

ይህ መመዘኛ በውጭ ሀገር ጽሑፎች ላይ ስለማይገኝ በስፋት መመልከቱ ተገቢ ነው። በሌላ ሀገር ፍጹም ብቁ የሆነ ማዕቀፍ በእኛ ፊደል፣ በእኛ የቀን መቁጠሪያና በእኛ የስም ሥርዓት ሲፈተን ጉድለት ሊታይበት ይችላል።

ፊደልን በተመለከተ፦ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ተካቷል። በመሆኑም ዘመናዊ ማዕቀፎች ፊደላችንን መጻፍና ማሳየት ይችላሉ። ችግሩ በፍለጋ ላይ ይታያል። አንድ ደንበኛ ስሙን “ኃይሉ” ብሎ ተመዝግቦ፣ የመዝገብ ሠራተኛው “ሀይሉ” ብሎ ቢፈልገው ኮምፒዩተሩ ሁለቱን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። “ፀሐይ” እና “ጸሀይ”፣ “ዓለም” እና “አለም” እንዲሁ ናቸው። ይህ በክሊኒክ ውስጥ የአንድ ታካሚ ታሪክ በሁለት መዝገብ ተከፍሎ እንዲቀመጥ ሊያደርግ ስለሚችል እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። ማዕቀፉ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግበት ደንብ ሊጨመርበት የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

የጽሑፍ ርዝመትንም ማየት ያስፈልጋል። በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አንድ የላቲን ፊደል ግን አንድ ባይት ብቻ ነው። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ለደንበኞቹ የማረጋገጫ መልእክት የሚልክ ድርጅት ይህን ሳያስብ ቢጀምር የመልእክት ወጪው ከገመተው በእጥፍ ሊበልጥበት ይችላል።

የቀን መቁጠሪያን በተመለከተ፦ አብዛኞቹ ማዕቀፎች ይዘው የሚመጡት የቀን መምረጫ የተሠራው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን አለው፤ የፌብሩዋሪ ወር ግን ከ29 አያልፍም። 13ኛው ወራችን ጳጉሜን በሦስቱ ዓመታት አምስት፣ በአራተኛው ዓመት ስድስት ቀን አለው። ስለዚህ ሥርዓቱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚለውን ቀን ሊቀበልና ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሊመልሰው ይገባል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚለውን ግን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊመልስ ይገባል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው “ጠዋት 3 ሰዓት” ብሎ የያዘው ቀጠሮ በሥርዓቱ ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እንዳይመዘገብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስምን በተመለከተ፦ ብዙ ማዕቀፎች ቅጻቸው የተዘጋጀው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ላላቸው ሀገሮች ነው። የእኛ ሥርዓት የራስ ስም፣ የአባት ስም እና የአያት ስም ነው። ተጠቃሚዎችን “በቤተሰብ ስም” ፊደል ተራ የሚደረድር ዝርዝር ለመዝገብ ሥራችን አያገለግልም።

የኢንተርኔት ፍጥነትን በተመለከተ፦ አብዛኛው ተገልጋይ ድረ ገጽ የሚከፍተው በእጅ ስልክ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው። አንዳንድ ማዕቀፎች የመጀመሪያውን ገጽ ለማሳየት ብዙ ኮድ ወደ ስልኩ ይጭናሉ። በቢሮ ውስጥ ባለው ፈጣን መስመር ሲታይ ያልታወቀው ክብደት በገጠር ከተማ ባለ ደካማ ኔትወርክ ላይ ደንበኛውን አሰልችቶ ይመልሰዋል። እንዲሁም ኔትወርክ በመካከል ሲቋረጥ ሥርዓቱ ምን እንደሚያደርግ መታየት አለበት፤ ክፍያው ሁለት ጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ ሥርዓቱ ለሥራ አልደረሰም።

ክፍያን በተመለከተ፦ ማዕቀፉ እንደ ቴሌብር ካሉ የሀገር ውስጥ የክፍያ ሥርዓቶች ጋር የሚገናኝበት መንገድ በተግባር መታየት አለበት። “ይገናኛል” የሚል ቃል ብቻ በቂ አይደለም።

4. ከመወሰን በፊት የሚደረግ ሙከራ

መመዘኛዎቹን በወረቀት ማየት ብቻ አያጠግብም። ሙሉውን ሥራ ከማዘዝ በፊት ከሥራው አንዲት ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ ክፍል ለይቶ ማሠራት ይመከራል። ለምሳሌ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ቀሪ ሒሳባቸውን የሚያዩበትን ገጽ ብቻ በቅድሚያ ቢያሠራ፣ በጥቂት ሳምንታትና በአነስተኛ ወጪ የሚከተሉትን ለማረጋገጥ ይችላል፦

- አባላት በተለያየ አጻጻፍ ሲፈለጉ መገኘታቸውን፣
- በየካቲት 30 እና በጳጉሜን ቀናት የተፈጸሙ ገቢዎች በትክክል መመዝገባቸውን፣
- ገጹ በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ መከፈቱን፣
- ብዙ አባላት በአንድ ጊዜ ሲገቡ ሥርዓቱ አለመቆሙን፣
- ሰርቨሩ ሆን ተብሎ ቢጠፋ ከመጠባበቂያ ቅጂው መረጃው መመለስ መቻሉንና ይህም የሚወስደውን ጊዜ፣
- ማዕቀፉን ከአንድ ሥሪት ወደ ቀጣዩ ለማሸጋገር የሚያስፈልገውን የሥራ ጊዜ።

በሙከራው የሚያገለግሉ የአባላት መረጃዎች እውነተኛ መሆን የለባቸውም። ለሙከራ የተዘጋጀ ገጽ ጥበቃው ያነሰ ስለሚሆን የእውነተኛ ሰዎችን ስምና ሒሳብ በእርሱ ላይ ማስቀመጥ ለጉዳት ይዳርጋል።

5. ሕጋዊ ኃላፊነት

የደንበኞቹን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የጤና ወይም የገንዘብ መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታ እንደሚጥልበት ሊያውቅ ይገባል። አዋጁ የግል መረጃ የሚሰበሰብበትንና የሚጠበቅበትን፣ እንዲሁም ወደ ውጭ ሀገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ስለሆነም የመረጃ ቋቱ የሚገኝበት ሀገር እና መረጃውን ማየት የሚችሉ ሰዎች ማንነት አስቀድሞ መታወቅ አለባቸው። በኢንተርኔት የሚፈጸሙ ግብይቶችን የሚመለከተው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ምርትና አገልግሎቱን በድረ ገጽ ለሚሸጥ ነጋዴ ሊያነበው የሚገባ ሕግ ነው። “ማዕቀፉ ያረጀ ነበር” ወይም “ባለሙያው አልነገረኝም” የሚል ምክንያት መረጃው የወጣበትን ደንበኛ አይክሰውም።

6. በውሉ ውስጥ ሊካተቱ የሚገቡ ነጥቦች

ጥሩ ማዕቀፍ ተመርጦ ውሉ ደካማ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። በመሆኑም በውሉ ላይ የሚከተሉት በግልጽ እንዲሰፍሩ ይመከራል፦

ሀ. የማዕቀፉ ስም፣ የሥሪት ቁጥሩ እና የድጋፍ ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን፣

ለ. ለድርጅቱ ተብሎ የተጻፈው ኮድ የባለቤትነት መብት የማን እንደሆነ፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ በመሆኑ ይህ ነጥብ በዝምታ መታለፍ የለበትም፣

ሐ. ዶሜይኑ እና የሰርቨሩ ኪራይ በድርጅቱ ስም እንዲመዘገቡ፣

መ. ሙሉው ኮድ፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃሎች፣ የጥቅሎች ዝርዝር እና የአሠራር ሰነድ በየምዕራፉ ርክክብ እንዲደረግባቸው እንጂ ለመጨረሻ ቀን እንዳይተዉ፣

ሠ. አደገኛ የደኅንነት ክፍተት ሲታወጅ ማስተካከያው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጫንና ኃላፊው ማን እንደሆነ፣

ረ. ከርክክብ በኋላ ለሚሰጥ እንክብካቤ የሚፈጸም ዓመታዊ ክፍያ፣

ሰ. ውሉ ቢቋረጥ መረጃው ሌላ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል ቅርጽ የሚተላለፍበት ሁኔታ።

7. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አዲስ የወጣ ማዕቀፍ ከቆየው አይሻልም?

መልስ፦ አዲስነት ብቻውን ብቃት አይደለም፤ እርጅናም ብቻውን ጉድለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የተሠራበትና ዛሬም ማስተካከያ የሚወጣለት ማዕቀፍ ችግሮቹ በሌሎች ተፈትነው ታውቀዋል። አዲሱ ማዕቀፍ ግን ችግሮቹ በእርስዎ ድርጅት ላይ ሊታወቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የድርጅቴ ድረ ገጽ አድራሻና የሥራ ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ነው። ይህ ሁሉ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። መረጃ የማይሰበስብና ክፍያ የማይቀበል ገጽ ያለ ከባድ ማዕቀፍ በቀላሉ ሊሠራ ይችላል። ለትንሽ ሥራ ትልቅ ማዕቀፍ መጫን የእንክብካቤ ወጪን ያለ ምክንያት ያበዛል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጼ ድጋፉ ባበቃ ማዕቀፍ ላይ የተሠራ መሆኑን አወቅሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቅድሚያ የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ አውጥተው ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ክፍያና የግል መረጃ የሚያልፍባቸውን ክፍሎች ለይተው ሽግግሩን ከእነርሱ ይጀምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ መሞከር ሥራውን ሊያቋርጥ ስለሚችል በደረጃ መፈጸሙ ይመረጣል። የማያስፈልጉ አገልግሎቶችን መዝጋትም ለጥቃት የሚጋለጠውን ክፍል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ባለሙያው ማዕቀፍ ሳይጠቀም ራሱ ከመጀመሪያው እንደሚጽፈው ነገረኝ። ይህ የተሻለ አይሆንም?

መልስ፦ ለቀላል ገጽ ካልሆነ በቀር ጥንቃቄ ይሻል። የይለፍ ቃል አያያዝን የመሳሰሉ ሥራዎች በታወቁ ማዕቀፎች ውስጥ በብዙ ባለሙያዎች ተመርምረዋል። አንድ ሰው ብቻውን የጻፈውን ግን የሚመረምረው ሌላ ሰው የለም፤ የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ማዕቀፍ ለንግድ ሥራ ብቁ ነው የሚባለው ዝነኛ በመሆኑ ወይም ገጹን ስላሳመረ ሳይሆን፣ ሥሪቱ የጸና፣ የድጋፍ ዘመኑ የታወቀ፣ የሚንከባከቡት ሰዎች የበዙ፣ ፈቃዱ ለሥራው የሚስማማ፣ ባለሙያው በገበያ ላይ የሚገኝ እና በእኛ ፊደል፣ ቀንና ኔትወርክ ተፈትኖ ያለፈ ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የግድ ይተው ማለት አይደለም፤ ጉድለቱ ታውቆ፣ ወጪው ተሰልቶ፣ ኃላፊነቱ በውል ተጽፎ ሊሠራበት ይችላል። አደገኛው ጉድለቱ መኖሩ ሳይሆን ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

ድረ ገጽ ለማሠራት ያሰቡ ተገልጋዮች ይህን ማብራሪያ አትመው በውይይት ጊዜ ከባለሙያው ጋር ነጥብ በነጥብ እንዲመለከቱት ይመከራል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች በመጠየቁ ቅር አይሰኝም፤ መልሱንም በሰነድ አስደግፎ ያቀርባል። መልስ ለመስጠት የሚያመነታ ወይም “ይህ አያሳስብዎት” የሚል ካጋጠመዎት ግን፣ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት የሌላ ባለሙያ አስተያየት ይጠይቁ።